ጭቃ የሚያቦካ ሕፃን ምን ይማራል?

ከስድስት ኪሎ ተነስተን ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዝ በስተግራ በኩል የሚገኘው የጉለሌው ቀጨኔ በሸክላ ሥራው የታወቀ ነው። በገበያ የምናያቸው ብዙ ጀበናዎች፣ ድስቶችና ምጣዶች የሚሠሩት በዚህ ሰፈር ሴቶች እጅ ነው። የሸክላ መዘውር የለም፤ መሣሪያው ጣት፣ መዳፍ፣ ማለስለሻ ጠጠርና ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ልምድ ነው። አፈሩ ተወቅጦና ተነፍቶ በውሃ ይታሻል፤ ሠሪዋም ጭቃው «ደርሷል» ወይም «ገና ነው» የምትለው በሚዛን ለክታ ሳይሆን በጣቶቿ መካከል አሽታ ነው።

እንዲህ ባለ ደጃፍ ላይ ከእናቱ አጠገብ ቁራሽ ጭቃ ይዞ የሚጫወት ሕፃን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ያድቦለቡለዋል፣ ይጠፈጥፈዋል፣ በአውራ ጣቱ ይወጋዋል፣ ውሃ ያበዛበትና ይፈስበታል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ ጥቂት ርቀት ላይ ደግሞ ሌላ እኩያው ልብሱን እንዳያቆሽሽ ተጠንቅቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ድምፅ ፊደል ይደግማል። «ከሁለቱ የትኛው እየተማረ ነው?» ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እንጠቁማለን። ይህ ጽሑፍ ያንን ፍርድ ከሥነ ሕይወትና ከሥነ ልቡና ጥናቶች አንፃር ለመመርመር ይሞክራል። መልሱ «የመጀመሪያው ነው» የሚል ቀላል መልስ አለመሆኑን ግን ከወዲሁ ለአንባቢ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ የስሜት ሕዋሳት ጨዋታ እየተባለ የሚጠራው፣ ሕፃናት አሸዋን፣ ውሃን፣ ጭቃን፣ ጥራጥሬን፣ ጨርቅን፣ ቅጠልንና የመሳሰሉትን በመንካት፣ በማሽተት፣ በማዳመጥና በመመልከት የሚያደርጉት ነፃ ጨዋታ ነው። ስያሜው አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዕቃ ዕቃ የተጫወተ፣ ከአፈር «እንጀራ» የጋገረ፣ ለቅልብልቦሽ ድቡልቡል ጠጠር መርጦ የለቀመ ሁሉ ያውቀዋል።

እጅ ምን ያውቃል?

በአንደኛ ደረጃ ትምህርታችን አምስት የስሜት ሕዋሳት እንዳሉን ተምረናል። ዝርዝሩ ስሕተት ባይሆንም ያልተሟላ ነው። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን መጠበቂያ ክፍል ጭንቅላታችን ወዴት እንደዘነበለ ይነግረናል፤ በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ተቀባዮች ደግሞ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ እጃችን የት እንዳለ ያሳውቁናል። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ ጠጠሯን ስታነሳ የምታሠለጥነው በዋናነት እነዚህን ሁለቱን ነው።

እጅን በተመለከተ ያለው እውቀት የሚያስደንቅ ነው። በአንድ የሰው እጅ መዳፍና ጣቶች ውስጠኛ ቆዳ ውስጥ ንክኪን ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ 17,000 ያህል የነርቭ ክሮች ይገኛሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። አንዳንዶቹ የነገሩን ጠርዝና ቅርጽ፣ ሌሎቹ የያዝነው ዕቃ ሊያመልጠን ሲንሸራተት፣ ሌሎቹ ንዝረትን፣ የቀሩት ደግሞ የቆዳን መለጠጥ ይለያሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በስዊድን የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው የሰው ጣት ከፍታው 13 ናኖሜትር ብቻ የሆነ ሽብሽብ ያለበትን ገጽ ፍጹም ለስላሳ ከሆነው ለይቶ ማወቅ ይችላል። ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ልብ ይሏል። የቀጨኔዋ እናት በጣቷ ፍርድ መተማመኗ ያለ ምክንያት አይደለም።

እነዚህ ነርቮች ንክኪን እንዴት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚለውጡ የታወቀው ግን በቅርቡ ነው። የ2021 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህንን ላብራሩት ለዴቪድ ጁሊየስና ለአርደም ፓታፑቲያን ነበር። ጁሊየስ ምርምሩን የጀመረው ከካፕሳይሲን፣ ማለትም ቃሪያንና በርበሬን ከሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ነው። ካፕሳይሲን የሚከፍተው የነርቭ ሕዋስ በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት ሲደርስበትም ይከፈታል። ስለዚህ «በርበሬው አቃጠለኝ» ማለታችን ዘይቤያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፤ ነርቩ በርበሬንና ትኩስ ምጣድን የሚዘግበው በዚያው በር በኩል ነው። ፓታፑቲያን ደግሞ ሲጫኗቸው የሚከፈቱትን ፒየዞ1 እና ፒየዞ2 የተባሉ ፕሮቲኖች አገኘ። ፒየዞ2 በተፈጥሮ የማይሠራላቸው ጥቂት ሰዎች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እጅና እግራቸው የት እንዳለ ለማወቅ ይቸገራሉ፤ በዓይን ካልታገዙም መራመድ ይከብዳቸዋል።

ዓይን ከእጅ ይማራል ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1688 አየርላንዳዊው ዊልያም ሞሊኖ ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ አንድ ጥያቄ ላከለት። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ፣ ኳስ መሰልና ሳጥን መሰል ቅርጾችን በእጁ ዳሶ የሚለይ ሰው ድንገት ዓይኑ ቢበራለት፣ ሳይነካቸው በማየት ብቻ የትኛው ኳሱ የትኛው ሳጥኑ እንደሆነ ሊናገር ይችላልን? ሎክም ሞሊኖም «አይችልም» አሉ። ፈላስፎች በጥያቄው ላይ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሲከራከሩበት ኖሩ።

መልሱ ከላቦራቶሪ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፓዋን ሲንሃና ባልደረቦቹ በሕንድ አገር ሲወለዱ ጀምሮ ማየት የማይችሉ፣ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና ሊድኑ የሚችሉ ልጆችን በሚረዳ ፕሮጀክት አማካይነት ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆችን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሁለት ቀን ጊዜ ውስጥ ፈተኑ። ልጆቹ በእጅ የዳሰሱትን በእጅ፣ በዓይን ያዩትን በዓይን ሲለዩ ጥሩ ውጤት አመጡ። በእጅ የዳሰሱትን በዓይን ለዩ ሲባሉ ግን ውጤታቸው ከግምት እምብዛም የተሻለ አልነበረም። ሎክና ሞሊኖ ትክክል ነበሩ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የኋላው ክፍል ነው። ከመካከላቸው ዳግም የተፈተኑት ልጆች ምንም የተለየ ሥልጠና ሳይሰጣቸው በቀናት ልዩነት ሁለቱን ማገናኘት ቻሉ። በእነዚያ ቀናት ያደረጉት ነገር ቢኖር ዕቃዎችን እየነኩ ማየት፣ እያዩ መንካት ነበር። እንግዲህ ሕፃን ልጅ ማንኪያ አንስቶ ደጋግሞ ሲጥል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ሲወስድ፣ ዳቦውን ሲፈረፍር የምንቆጣው ቁጣ ጥቂት ሊታሰብበት የሚገባ ይመስለኛል። እጅና ዓይን የሚተዋወቁት በዚህ መንገድ ነው።

የሜክሲኮ ሸክላ ሠሪዎች ልጆች

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ሕፃናት ከቁስ ጋር በሚያደርጉት ግንኙነት እንዴት ማሰብ እንደሚማሩ በመመርመር ይታወቃል። ከሙከራዎቹ አንዱ ይህ ነው። ለልጁ ሁለት እኩል የጭቃ እንክብሎች ይታዩታል። እኩል መሆናቸውን ካመነ በኋላ አንደኛው ዓይኑ እያየ እንደ እባብ እንዲረዝም ይደረግና «አሁንስ የትኛው ይበዛል?» ተብሎ ይጠየቃል። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት ብዙውን ጊዜ «ረጅሙ» ይላሉ። ስድስትና ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው «ያው ነው፤ ምንም አልጨመርክበትም» ማለት ይጀምራሉ። ነገሩ ቀላል ይምሰል እንጂ የቁስ መጠን በቅርጽ መለወጥ አይለወጥም የሚለው ሐሳብ የፊዚክስና የኬሚስትሪ መሠረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዳግላስ ፕራይስ-ዊሊያምስና ሁለት ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈተና ወደ ሜክሲኮ ወሰዱት። ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆናቸውን የሸክላ ሠሪዎች ልጆች ወላጆቻቸው ሌላ ሥራ ከሚሠሩ እኩዮቻቸው ጋር አነጻጸሩ። በጭቃው ፈተና የሸክላ ሠሪዎቹ ልጆች በግልጽ በልጠው ተገኙ። ጥያቄው ይህ ብልጫ ወደ ሌሎች ነገሮች፣ ማለትም ወደ ውሃ፣ ክብደትና ቁጥር ይተላለፋል ወይ የሚለው ነበር። በአንደኛው መንደር ተላልፎ ታየ፤ በሌላው ከተማ ግን ግልጽ ልዩነት የተገኘው በጭቃው ላይ ብቻ ነበር። የተፈተኑት ልጆች ቁጥር ጥቂት ስለነበር ከዚህ ብዙ መደምደም አይቻልም። ቢሆንም ጭቃ የሚያቦካ ሕፃን ስለ ጭቃ የሚያውቀው ነገር እጁ ላይ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አለመሆኑን ያመለክታል።

የአይጦቹ ታሪክና የተጋነነው ትርጉሙ

ስለ ሕፃናት ጨዋታ በሚጻፉ በራሪ ጽሑፎች ሁሉ የማይቀር አንድ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ፣ ማሪያን ዳይመንድ፣ ማርክ ሮዘንዝዋይግና ባልደረቦቻቸው አንዳንድ አይጦችን መሰላል፣ መሽከርከሪያና ጓደኞች ባሉበት ሰፊ ቤት፣ ሌሎችን ደግሞ ለየብቻቸው በባዶ ሣጥን አሳደጉ። መጫወቻ የነበራቸው አይጦች የአንጎል ቅርፊት ወፍሮና ከብዶ ተገኘ። ከዚህ ተነስተው «መጫወቻ በጨመርን ቁጥር አንጎል ይጨምራል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ውድ መጫወቻ የሚሸጡ ነጋዴዎችም ይህንን ይወዱታል።

ሙከራው የሚለው ግን ይህን አይደለም። የዱር አይጥ ኑሮ ከሁለቱም የቤተ ሙከራ ሣጥኖች የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ስለዚህ የታየው የብልጽግና ጥቅም ሳይሆን የእጦት ጉዳት ነው ቢባል ይቀርባል። የሰው ልጅም ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነርቭ ሕዋሳት መገናኛዎች በብዛት ይፈጠራሉ፤ በኋላም ያልተሠራባቸው እየተመለመሉ ይወገዳሉ። ለማየት በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ይህ ቀድሞ ሲጠናቀቅ በግንባር በኩል ባለው ክፍል እስከ ጉርምስናና ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ለዚህ ሂደት የሚያስፈልገው ድምፅ፣ ንክኪ፣ ብርሃን፣ እንቅስቃሴና ሰው ነው። እነዚህ በጉለሌ ድሃ ጎጆ ውስጥም ሊሟሉ ይችላሉ፤ ከውጭ የመጣ ፕላስቲክ በሞላበት ቤት ውስጥም ሊጎድሉ ይችላሉ።

ማስረጃው ከወዴት ይገኛል?

ከአይጥ ወደ ሰው ስንመጣ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሳሊ ግራንትሃም-ማክግሬገርና ባልደረቦቿ በምግብ እጥረት ቁመታቸው የቀነጨረ፣ ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው 129 ሕፃናትን በዕጣ መደቡ። ከፊሎቹ ቤት ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ አንዲት የጤና ሠራተኛ እየሄደች አንድ ሰዓት ያህል ከእናቲቱና ከሕፃኑ ጋር ትጫወት ነበር። መጫወቻዎቹ ከተጣሉ ጠርሙሶች፣ ካርቶኖችና ጨርቆች የተሠሩ ነበሩ። ሕፃናቱ ካደጉ በኋላ፣ 22 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ክትትል፣ የጨዋታው ተሳታፊዎች ገቢ ካልተሳተፉት በ25 ከመቶ በልጦ ተገኘ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መርሐ ግብሩ የታለመው ለጠርሙሱና ለካርቶኑ ሳይሆን እናቲቱ ከልጇ ጋር እንድትጫወትና እንድታነጋግረው ለማድረግ ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 38 ከመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የገቡ ከ300 በላይ ሕፃናትን ይዘው ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ የሚደነቅ ሐቀኝነት አለው። ከሕክምናው ጎን ለጎን ጨዋታ የተጨመረላቸው ሕፃናት በሆስፒታል ቆይታቸው በመቀመጥ፣ በመቆምና በመሳሰለው የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ በእጅና በጣት ቅልጥፍና ጨዋታ ካልተጨመረላቸው በልጠው ታዩ። በቋንቋና በማኅበራዊ ግንኙነት ግን ሁለቱም ቡድኖች እኩል ተሻሻሉ። ጨዋታ ሁሉን የሚፈውስ መድኃኒት አይደለም፤ የሚጠቅመው በሚጠቅምበት ነው።

ፊደል በጣት

ወላጆች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ንባብ ነው። በዚህ ረገድ የሚጠቀሰው ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ድሆች ሰፈር በከፈተችው የሕፃናት ቤት ያስጀመረችው ዘዴ ነው። ሕፃናቱ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን በጣታቸው እየተከተሉ ድምፃቸውን ያሰሙ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች የአምስት ዓመት ሕፃናትን ፈትነው ፊደልን በማየትና በመስማት ላይ መዳሰስ ሲጨመር ቃላትን የማንበብ ችሎታቸው እንደሚሻሻል አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ገና ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት ፊደልን ራሳቸው በእጃቸው ሲጽፉ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ቁልፍ ሲጫኑ እንደማይነቃ አሳይቷል። የተሠራን ፊደል መከተል እንኳ የነፃ ጽሕፈትን ያህል አልሆነም።

የእኛ ልጅ 33 ሆሄያትን በሰባት ሰባት መልክ፣ በድምሩ 231 ቅርጾችን መለየት አለበት። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየጠቆመ የሚቆጥረው ዓይን፣ ጆሮና እጅ አብረው እንዲሄዱ ነው። ዛሬ በብዙ አጸደ ሕፃናት የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። በትሪ ላይ በተነጠፈ ደረቅ አሸዋ «ለ»ን ጽፎ፣ እግሯን አስረዝሞ «ላ» ማድረግ ወጪ የለውም።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ «ተማሪ የእያንዳንዱ ዓይነት የተለየ ነው፤ አንዱ በዓይኑ፣ አንዱ በጆሮው፣ አንዱ በእጁ ይማራል» የሚል አባባል ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ የምርምር ግምገማ ለዚህ አባባል በቂ ማስረጃ አለመኖሩን አሳይቷል። ሁሉም ሕፃን በሁሉም ይማራል።

ስለ ጭቃና ስለ ንቀት

«ጭቃ አትንካ!» የሚለው ተግሣጽ ሁሉ ከሳሙና ዋጋ የመነጨ አይመስለኝም። በአገራችን ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ለረጅም ዘመን በሙያው ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። እጅ የሚያቆሽሽ ነገር ሁሉ ከእውቀት የራቀ ነው የሚል አስተሳሰብ ከዚያ ዘመን ተርፎ በሕፃናት መማሪያ ክፍል ውስጥ እንዳለ ጥርጥር የለኝም።

በሌላ በኩል ጉለሌን ያነሳ ሰው ሽሮ ሜዳን ሳያነሳ ማለፍ አይችልም። በሽመና ሥራ ከጋሞ አካባቢ የመጡ ሕፃናት ጉልበት ሲበዘበዝ መኖሩ የታወቀ ነው። ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ የክሩን ልስላሴ የሚፈትሽ፣ ቀለም ከቀለም የሚያዛምድ ሕፃን ይማራል። ቀኑን ሙሉ ድውር የሚያዞር ሕፃን ግን፣ እጁ ቢቀላጠፍም፣ ጨዋታ ላይ ነው ሊባል አይችልም። ጨዋታ የሚያሰኘው ልጁ ራሱ ሊጀምረውና ሊተወው መቻሉ ነው።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የወስፋትና የመንጠቆ ትል እንቁላልና እጭ የሚተላለፈው በዓይነ ምድር በተበከለ አፈር በመሆኑ ከወንዝ ዳርና ከቦይ የተዛቀ ጭቃ ለጨዋታ አይሆንም፤ ከሸክላ ሠሪዎች የተገዛ ንጹሕ አፈር ይሻላል፤ ከጨዋታው በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠባል። ባቄላ፣ ሽምብራና ዶቃ ለሦስት ዓመት በታች ሕፃን አይሰጥም፤ ጉሮሮ ይዘጋል፣ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። የውጭ መጻሕፍት የሚመክሩት የዱቄት ሊጥ በዛሬው ኑሮ ለጨዋታ ይውል ማለት ያሳፍራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም የእናት ቅሬታ እውነተኛ ቅሬታ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ ለሦስት ሕፃናት ይበቃል፤ አሮጌ ልብስ ማልበስም ይቻላል። ከእንጦጦ የተለቀመ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ደግሞ ማጠቢያ እንኳ አያስፈልገውም። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ እጽዋት ማዕከልም ለአንድ ቀን የክፍል ጉዞ ቅርብ ነው።

ለሞካሪዎች

የፒያዤን ሙከራ በቤታችሁ ካሉ ታናናሾቻችሁ ጋር ማድረግ ትችላላችሁ። እኩል የሆኑ ሁለት የጭቃ እንክብሎችን አዘጋጁና ሕፃኑ ራሱ በእጁ መዝኖ «እኩል ናቸው» እንዲል ጠብቁ፤ ካላለ ከአንዱ ቆንጥራችሁ አስተካክሉ። ከዚያ አንዱን አርዝሙ። ጥያቄውን የምትጠይቁት ከለወጣችሁት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ፒያዤ ከለውጡ በፊትም በኋላም ይጠይቅ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን ሕፃን አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠየቅ የፊተኛው መልሱ የተሳሳተ መስሎት ይለውጠዋል። በሌላ ቀን ደግሞ ጭቃውን ያረዘመው ሕፃኑ ራሱ እንዲሆን አድርጉና መልሱ ይለወጥ እንደሆነ ተመልከቱ። ዕድሜውን በወር፣ መልሱን በራሱ ቃል፣ «ለምን?» ሲባል የሰጠውን ምክንያት፣ እንዲሁም ከዚያ በፊት በጭቃ ይጫወት እንደነበር መዝግቡ። ቀጨኔ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ በወላጆች ፈቃድ ሁለቱን ዓይነት ልጆች ጎን ለጎን ማነጻጸር ትችላላችሁ፤ በሜክሲኮ የተደረገውም ይኸው ነው።